የሕፃናት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና የናሙናው ነገር

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የያዘው ዐዋቂ «ስሸና ያቃጥለኛል» ይላል። የስምንት ወር ሕፃን ግን ይህን ሊነግረን አይችልም፤ የምናየው ትኩሳት፣ ማስመለስና ጡት እንቢ ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ጥርስ ሊያበቅል ነው እየተባለም ቀናት ያልፋሉ (ጥርስ ባልሠራው ጥፋት ስንት ጊዜ ተከሷል!)። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ያለበት ሕፃን ሽንቱ የሚመረመረው ለዚህ ነው።

ዋነኛው መንስኤ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ከሕፃናት ዓይነ ምድር ለይቶ የገለጸው የሕፃናት ሐኪሙ ቴዎዶር ኤሸሪሽ ነው። አንጀት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ወደ ሽንት ቧንቧ የሚገቡት ዝርያዎች ግን ፀጉር በሚመስሉ ዘንጎቻቸው የፊኛውን ግድግዳ ስለሚይዙ በሽንት ታጥበው አይወጡም። ሽንት ከፊኛ ወደ ኋላ በሚመለስባቸው ሕፃናት ደግሞ ኩላሊት ደርሰው ጠባሳ ሊተዉ ይችላሉ።

ወደ ናሙናው እንመለስ። ኢ. ኮላይ ሁኔታው ሲመቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ አንዱ 512 ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ከቆዳ የገቡ ጥቂት ባክቴሪያዎች፣ ሽንቱ ሞቃት ክፍል ውስጥ ከቆየ፣ ጤነኛውን ልጅ በሽተኛ ያስመስሉታል። ወዲያው ላቦራቶሪ የማይደርስ ናሙና በማቀዝቀዣ መቀመጥ ይኖርበታል። በተቃራኒው አንቲባዮቲክ አስቀድሞ ከተሰጠ ባክቴሪያው በካልቸር ላይበቅል ይችላል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋውም ሳይታወቅ ይቀራል። በጠና ለታመመ ሕፃን ናሙናው እንደተወሰደ ሕክምናው ይጀመራል እንጂ አንድ ሁለት ቀን የሚፈጀው የካልቸር ውጤት አይጠበቅም።