የታደሰ የመሪ ሳጥን አገጣጠምና አየሩ የሚወጣበት መንገድ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ መኪና መሪ ምን አግብቷቸው ይጽፋሉ የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው፤ ለዕረፍት ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የምንሄደው በመኪና ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መንገደኛ ነፍሱን የጣለው በሾፌሩ እጅና በመሪው ላይ ነው። ስለዚህ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1980 እስከ 1990 የተሠራውን ላንድ ክሩዘር 60 ምሳሌ አድርገን ነገሩን እንመርምር።

በዘይት ኀይል የሚታገዘውን መሪ አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ዴቪስ በ1926 ሠርቶ አሳየ፤ ለገበያ በወጣ የቤት መኪና ላይ የታየው ግን በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ፓምፕ ዘይቱን ወደ መሪ ሳጥኑ ይገፋዋል፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ፒስቶን በዚሁ ግፊት ተንቀሳቅሶ የሾፌሩን ክንድ ያግዛል። ዘይት ቢጫኑት እምብዛም አይጨመቅምና የተሰጠውን ኀይል ያደርሳል፤ አየር ግን ይጨመቃል። በመካከሉ አየር ከገባ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ፓምፑ ይጮኻል፣ ውሎ አድሮም ይበላል።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። አሮጌው ሳጥን ከመውረዱ በፊት የፊት ጎማዎች ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ የመሪው ዘንግና ጎማ የሚያዞረው ክንድ የነበሩበት ቦታ ምልክት ይደረግበት። የታደሰው ሳጥን ከዳር እስከ ዳር ስንት ዙር እንደሚዞር ቆጥረን እኩሌታው ላይ ካቆምነው በኋላ እናገናኘዋለን። ይህ ከተዘለለ መኪናው ወደ አንዱ ወገን በደንብ ዞሮ ወደ ሌላው ይቸገራል። ብሎኖቹና ዳዶዎቹ በፋብሪካው መጽሐፍ በተጻፈው ልክ ይጥበቁ። ቱቦዎቹና የዘይት ማጠራቀሚያውም አስቀድመው ይታጠቡ፤ ከአሮጌው ሳጥን የቀረ የብረት ብናኝ የአዲሱን ጎማዎች ይቧጭራልና። ዘይቱ ፋብሪካው ያዘዘው ይሁን፤ የፍሬን ዘይት ጎማዎቹን ስለሚያበላሽ ፈጽሞ አይጨመርም።

አየሩን በማስወጣት ጊዜ ትልቁ ጠላት ችኮላ ነው። ሞተሩ ወዲያው ቢነሣ ፓምፑ ዘይቱንና አየሩን ደባልቆ አረፋ ያደርገዋል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፤ የኋላ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ፤ ፊቱ በክሪክ ተነሥቶ በጽኑ መደገፊያ ላይ ይረፍ። ማጠራቀሚያው ይሞላ። ከዚያም ሞተሩ ሳይነሣ አንድ ሰው መሪውን ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ደጋግሞ ያዙር፤ ሌላው ዘይቱ በጎደለ ቁጥር ይጨምር። አረፋ መውጣቱ ሲያቆም ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ተነሥቶ ይኸው ይደገም። መሪውን ዳር ላይ አድርሶ ከ2 ወይም ከ3 ሴኮንድ በላይ መያዝ ግን ዘይቱን ያግለዋል። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያሉ ናቸው፤ በማለዳው ብርድ ዘይቱ ስለሚወፍር አረፋው በግድ ነው የሚለቀው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ መሥራት ይሻላል።

ሥራው ማለቁ በምን ይታወቃል? ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ከፍታ እንለካለን፤ አጥፍተን እንደገና እንለካለን። ከ5 ሚሊሜትር በላይ ከፍ ካለ አየር ቀርቷል ማለት ነው። ተጨምቆ የነበረው አየር ግፊቱ ሲቀርለት ተነፍቶ ዘይቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህም ሮበርት ቦይል በ1662 ያሳተመው ሕግ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ይታወቅ፤ የዘይቱ እገዛ በመንገድ ላይ ቢቋረጥ መሪው ይከብዳል እንጂ ከጎማዎቹ አይለያይም። ሾፌሩ ሳይደናገጥ በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞ ዳር ሊያቆም ይችላል። ሳጥኑን ያደሰው ባለሙያ የድርሻውን ፈጽሟል፤ የቀረው የገጣሚው ትዕግሥት ነው። እኛም በየአገራችን ጋራዥ ስንቆም ከባለሙያው ጠይቀን እንማር፤ ካነበብነውም እናካፍለው።