የዓሣ ጫጩት አስተዳደግ በመስተዋት ገንዳ

ሲክሊድ በመባል የሚታወቀው የዓሣ ወገን በአፍሪቃና በአሜሪካ ወንዞችና ሐይቆች በብዛት ይገኛል። የጣና፣ የዝዋይ፣ የሐዋሳና የጫሞ ሐይቆች ቆሮሶ ከዚሁ ወገን ነው። በአዋሽ ሸለቆ ፍል ውሃዎች ውስጥ የሚኖር የቆሮሶ ዘርም አለ፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1983 ኤቴልዊን ትሬዋቫስ የተባለች እንግሊዛዊት የዓሣ ተመራማሪ ለይታ ሰይማዋለች። በአፋር ምድር በሚገኘው ጨዋማ የአፍዴራ ሐይቅ ደግሞ ዳናኪሊያ የተባለው ትንሽ ሲክሊድ ይኖራል። ከእነዚህ ምሳሌዎች እንደሚታየው ከሲክሊዶች መካከል ሙቀትንና ጨውን የሚችሉ አሉ። በጅቡቲ ከተማ ሞቃት አየር ውስጥ በቤቱ ዓሣ ለማርባት ለሚሻ ሰው ይህ ጠባይ ታላቅ ጥቅም አለው።

ሲክሊድ ከብዙ ዓሦች የሚለየው ለልጆቹ በሚያደርገው ጥንቃቄ ነው። አብዛኛው ዓሣ እንቁላሉን በውሃ ውስጥ በትኖ ይሄዳል። ቆሮሶ ግን እንዲህ አያደርግም። ወንዱ በአሸዋ ላይ ክብ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ሴቲቱም በዚያ እንቁላሏን ጥላ ወዲያውኑ በአፏ ትሰበስባለች። በ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ውስጥ እንቁላሎቹ በ5 ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ። ይሁን እንጂ ጫጩቶቹ ከሆዳቸው ሥር ያለውን አስኳል እስኪጨርሱ ድረስ ከእናታቸው አፍ አይወጡም። በዚህ ጊዜ ሁሉ እናቲቱ ምግብ አትቀምስም ለማለት ይቻላል። ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣባቸው ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ።

ቆሮሶ ግዙፍ ስለሚሆን ለቤት ገንዳ አይስማማም። በቤት የሚረቡት በአብዛኛው ከማላዊ ሐይቅ የተገኙ ትናንሽ ዝርያዎች ሲሆኑ፣ እነርሱም ልጆቻቸውን 3 ሳምንት ያህል በአፋቸው ይይዛሉ። ከመካከለኛው አሜሪካ ሲክሊዶች ብዙዎቹ ግን እንቁላላቸውን በድንጋይ ላይ ይጥሉና አባትና እናት በአንድነት ይጠብቁታል።

ዓሣን ማርባት አስቀድሞ ውሃን ማወቅ ነው። ጅቡቲ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። በከተማይቱ አጠገብ የሚያልፈው አምቡሊም ውሃ የሚወርድበት ዝናም ሲጥል ብቻ ነው። ከተማይቱ ለብዙ ዘመን የኖረችው ከእሳተ ገሞራ ዐለት በሚወጣ የጉድጓድ ውሃ ሲሆን፣ ጉድጓዶቹ ብዙ በተቀዱ መጠን የባሕር ውሃ እየሰረገባቸው ጨዋማነታቸው ጨምሯል። በ2009 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ፣ በሶማሌ ክልል ከሚገኘው ከሐዳጋላ፣ ውሃ በቧንቧ ተስቦ ገባ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በዶራሌ የባሕርን ውሃ ከጨው የሚያጣራ ፋብሪካ ተመረቀ። እንግዲህ የቧንቧው ውሃ እንደ ምንጩ ሊለያይ ስለሚችል፣ አሳዳጊው ወደ ገንዳው ከመጨመሩ በፊት ሊመረምረው ይገባል። የማላዊ ሐይቅ ዓሦች ማዕድን የበዛበትን ውሃ ስለሚወዱ የዐለት ውሃ አይከብዳቸውም። የሚጎዳቸው ድንገተኛ ለውጥ ነው።

ሙቀቱም ሌላ ፈተና ነው። በበጋ ወራት በጅቡቲ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ በአንድ ሊትር 9 ሚሊግራም ያህል የሚይዝ ንጹሕ ውሃ በ30 ዲግሪ የሚይዘው 7.5 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዳው ፀሐይ በማያገኘው ስፍራ ይቀመጣል፤ የአየር ፓምፕም ሌት ተቀን ይሠራል። በውሃው ፊት ላይ ቬንቲላተር ቢነፍስበት ሙቀቱ ይበርዳል።

የጋራ ገንዳ የሚባለው ልዩ ልዩ ዓሦች በአንድነት የሚኖሩበት ነው። በሐይቅ ውስጥ እናቲቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ዳርቻ ትሸሻለች። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ግን መሸሻ የለም። እናቲቱ አፏን በከፈተች ጊዜ በዙሪያዋ ያሉት ዓሦች ጫጩቶቹን ይለቅማሉ። በድንጋይ ላይ የሚጥሉት ሲክሊዶች ደግሞ ልጆቻቸውን ለማዳን ሲሉ ሌሎቹን ዓሦች አሳደው ወደ አንድ ማዕዘን ያጉሯቸዋል፤ እስከ ሞትም ያቆስሏቸዋል። አንዱ በሕይወት የሚኖረው በሌላው ጉዳት ይሆናል።

ስለዚህ ሐይቁ ይሰጥ የነበረውን መጠለያ ሰው መስጠት አለበት። ድንጋይ ተከምሮ ትልቅ ዓሣ የማይገባባቸው ጠባብ ሽንቁሮች ቢበጁ ጥቂት ጫጩቶች ይተርፋሉ። ብዙዎችን ለማትረፍ የሚፈልግ አሳዳጊ ግን እናቲቱን ልጆቿን ከመልቀቋ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ከዚያው ገንዳ በተቀዳ ውሃ ወደ ተሞላ ትንሽ ገንዳ በእርጋታ ያዛውራታል። ከተረበሸች ልጆቿን ልትተፋ ወይም ልትውጥ ትችላለች። ከለቀቀቻቸው በኋላ በጾም የደከመ ሰውነቷ እስኪጠነክር ለብቻዋ ትመገባለች።

ጫጩቶቹ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ጥቂት በጥቂት ይመገባሉ። ከሁሉ የሚስማማቸው አርቴሚያ የተባለው የጨው ውሃ ነፍሳት ሲሆን፣ እንቁላሉ አየር በሚነፋበት ጨዋማ ውሃ ውስጥ በ24 እስከ 36 ሰዓት ይፈለፈላል። የደቀቀ ደረቅ ምግብም ይበቃቸዋል። የተረፈው ምግብና ኩሳቸው በውሃው ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያም በሞቃትና ማዕድን በበዛበት አልካላይን ውሃ ውስጥ መርዛማነቱ ይበረታል። በማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ ስለሚያስወግዱ ማጣሪያው በክሎሪን ውሃ አይታጠብም። በየሳምንቱም ከገንዳው ውሃ ሩቡ ያህል ይለወጣል። የማጣሪያው አፍ ጫጩቶቹን ስቦ እንዳያስቀር በስፖንጅ ይሸፈናል።

በመጨረሻ የሚቀረው ጥያቄ የቁጥር ነው። ሁሉም ጫጩት ቢያድግ አንድ ገንዳ አይበቃም። መጨናነቅ ውሃውን ያበላሻል፤ ጠቡንም ያብሳል። አስተዋይ አሳዳጊ ስንቱን ለማሳደግ ቦታ እንዳለው፣ የቀሩትንም ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይወስናል። የተረፉትን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅ ግን አይገባም፤ እንግዳ ዓሣ የአገሩን ዓሣ ምግብና መራቢያ ይሻማል፤ በሽታም ያስገባል። ነፍስ ያለውን ፍጥረት በመስተዋት ውስጥ ያኖረ ሰው ለመወለዱ ብቻ ሳይሆን አድጎ ለሚኖርበትም ስፍራ ኀላፊ ነው።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ መሠረት የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ።
1. ቆሮሶ እንቁላሉን የሚጠብቀው እንዴት ነው?
2. በጅቡቲ ከተማ ዓሣ የሚያረባ ሰው ውሃውን አስቀድሞ መመርመር ያለበት ለምንድን ነው?
3. ለጫጩቶች ሐይቅና የጋራ ገንዳ በምን ይለያያሉ?

ለ. «አንዱ በሕይወት የሚኖረው በሌላው ጉዳት ይሆናል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በአንድ አንቀጽ አብራሩ።