አርባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና፦ አጥቢያው አሠሪ በሆነ ጊዜ

ቤተ ክርስቲያናችን ወንድ ልጅን በአርባ፣ ሴት ልጅን በሰማንያ ቀን ታጠምቃለች፤ እናቲቱም እስከዚያ ቀን በቤቷ ትቆያለች። የተከበራችሁ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ይህ ዘወትር የምትፈጽሙት ሥርዓት ስለሆነ ማስረዳት አያስፈልገንም። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው በስብሰባችን ላይ እምብዛም የማይነሣውን ነው፤ አጥቢያው ራሱ አሠሪ ሲሆን፣ የወለደች ጸሐፊውን፣ ሒሳብ ሠራተኛውን ወይም የአፀደ ሕፃናት መምህርቱን እንዴት ይይዛታል?

ቀድሞ ይሠራበት የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ፈቃድ ይሰጥ ነበር። በዚያ ሕግ ሴት ልጅ የወለደች እናት፣ ሕፃኗ ለጥምቀት 20 ቀን ሲቀራት ወደ ሥራ ትመለስ ነበር ማለት ነው። እርግጥ ሕግ አውጪው የክርስትናን ቀን ሊቆጥር አይጠበቅበትም። የተተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የድኅረ ወሊዱን ፈቃድ ወደ 90 ቀን ከፍ አድርጎታል፤ ፈቃዱም ከነደመወዙ ነው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለሕክምና ምርመራ ስትሄድም ደመወዟ አይቆረጥም። አባት ደግሞ ሦስት ተከታታይ ቀን ከነደመወዙ ያገኛል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ለአባት 10 ቀን ሰጥቶ ነበር፤ ሦስት ቀን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ያንሳል።

አዋጁ በሃይማኖት ድርጅቶች የሥራ ግንኙነት ላይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የተለየ ደንብ ሊያወጣ እንደሚችል ስለሚደነግግ፣ «እኛን አይመለከተንም» የሚል አስተያየት ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን የቀዳሹን አገልግሎት ከሒሳብ ሠራተኛዋ ቅጥር ጋር አንድ አድርጎ ማየት አይገባም። የሚያጠራጥር ነገር ሲኖር፣ ሠራተኛዋን ከማሰናበት በፊት ሀገረ ስብከቱን መጠየቅ ይሻላል።

ዋናው ችግር የሚጀምረው ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ነው። ያን ጊዜ ሕፃኑ ገና ሦስት ወሩ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲሰጠው ይመክራል። በመካከል ያሉትን ሦስት ወራት ማን ይሸከማቸው? በብዙ ቦታ አያት ትሸከማለች። በአሶሳ ዙሪያ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ወገኖቻችን ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል፤ የበርታ ቤተሰብም ዘመዱ በአጠገቡ ነው። ከሌላ አካባቢ ተመድባ ወይም ተቀጥራ የመጣች መምህርት፣ ነርስ ወይም የፕሮጀክት ሠራተኛ ግን አያቷን ይዛ አልመጣችም። ባሏም ምናልባት በባምባሲ ወይም በሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ይሠራል፤ ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ በጉባ በዓባይ ግድብ ሥራ ላይ ዓመታት ያሳለፉ አባቶችም ጥቂት አይደሉም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት በጡጦ የተቀመጠ ወተት ቶሎ ይበላሻል። እንዲህ ያለች እናት ወይ ሥራዋን ትተዋለች፣ ወይ ሕፃኑን ለማታውቃት ልጅ ጥላ ትወጣለች።

አጥቢያው ሊያደርግ የሚችለው የሚመስለንን ያህል ውድ አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ በሥራ ቀናት ባዶውን ይውላል፤ ከአንዱ ጥግ መጋረጃ ጋርዶ፣ ምንጣፍና ንጹሕ ውኃ አኑሮ ማጥቢያ ማድረግ ይቻላል። እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ እናቲቱ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ብታገኝ፣ የሚጎድለው ሥራ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

ከበድ የሚለው ገንዘቡ ነው፤ ይህንም መሸፋፈን አይገባም። አነስተኛ አጥቢያ ለአንዲት ሠራተኛ የአራት ወር ደመወዝ እየከፈለ ምትክም መቅጠር ይከብደዋል። ወሬው ከተሰማ በኋላ የሚፈለግ ገንዘብ ሁልጊዜ ቅሬታ ያመጣል፤ ያን ጊዜ ነው «ምነው ያላገባች በቀጠርን» የሚባለው። ስለዚህ የዓመቱ በጀት ሲዘጋጅ በየወሩ ጥቂት ተቀንሶ ለምትክ ሠራተኛ የሚሆን ሒሳብ ቢያዝ ይመረጣል፤ በዚያ ዓመት የሚወልድ ከሌለ ለሚቀጥለው ይተላለፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ካህናቱ። ሰሞነኛ ካህን ሳምንቱን ከቤቱ ተለይቶ በቤተ ክርስቲያን ያሳልፋል። ሚስቱ በዚያው ሳምንት ብትወልድ ቤት ውስጥ ያለው ማነው? ካህናት እርስ በርስ ሰሞን መለዋወጣቸው የቆየ ልማድ ስለሆነ አዲስ ደንብ አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሰሞን የሚደለድለው አባት ወሬውን አስቀድሞ ማወቁ ነው፤ ካህኑም አፍሮ ዝም ይላል። በሚቀጥለው ድልድል ላይ፣ የትኛው አገልጋይ ልጅ እንደሚጠብቅ ተጠይቆ ከስሙ ጎን ተለዋጩ ቢጻፍ ይበቃል።