የምጣዱ ሶኬት ለምን ይግላል?

ጥያቄ፦ እንጀራ የምጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ከፍሪጁ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ሰክቼ ጥቂት እንጀራ እንዳወጣሁ ስፒናው ይግላል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክም ይሸታል። አንዳንዴ ጠርዙን ስነካ ይነዝረኛል። ሶኬቱን ብቀይር ይበቃል?
አንባቢያችሁ፣ ከአዲሱ ገበያ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ሶኬት መቀየር ብቻውን አይበቃም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ንዝረቱ ስለሆነ እስኪስተካከል ድረስ እባክዎ ምጣዱን አይጠቀሙ።

የቤት ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በአገራችን 220 ቮልት ሲሰላ 3.5 ኪሎዋት ወደ 16 አምፒር ይጠጋል፤ ይህ የተለመደው ሶኬት የመጨረሻ አቅም ነው። ገመዱ ቀጭን፣ መያዣውም የላላ ማከፋፈያ ይህን ሊሸከም አይችልም። በላላው መገናኛ ሙቀት ይፈጠራል፤ ሙቀቱ መያዣውን ይበልጥ ያላላዋል፤ በመጨረሻም እሳት ይነሳል።

ስለዚህ ምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል፤ ለዚህም 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ተገቢ ነው። ብሬከሩና መገናኛው ምጣዱ ላይ በተጻፈው ዋት ይመረጣሉ። ብሬከር ሲወርድ በትልቅ መተካት ግን ሽቦውን ያለ ጠባቂ መተው ነው።

ንዝረቱ የሚመጣው ሊጥ ወይም እርጥበት ወደ ማሞቂያው ሽቦ ሲገባ፣ ወይም ሽፋኑ ሲላጥ ነው። አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ሽቦ በትክክል ከተገናኘ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ኃይል ሲያፈተልክ የሚቆርጠው አርሲዲም ቢገጠም ዋጋው አያስቆጭም።

ይህ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። ግቢው በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ከሆነ ባለሙያው የጋራውን መስመር ጭምር እንዲፈትሽ አከራይዎን ያነጋግሩ።