በብስክሌት ወደ ቅዱስ ያዕቆብ አገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ወደ ገዳም የምናደርገው ጉዞ በታሰበ ቁጥር በመካከላችን የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ እየዘመረና ስንቁን እየበላ የሚደርስ ሰው ከእግረኛው ተሳላሚ ጋር እኩል ተሳለመ ይባላልን? ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱሳችን እስጳንያ በሚላት፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ሊሄድባት አስቦ በነበረችው (ሮሜ 15፥24) በስፔን አገር፣ ይኸው ጥያቄ ስለ ብስክሌት ተነሥቶ ሥርዓት ተበጅቶለታል። ስለዚህ ጉዳዩን አብረን እንመልከተው።

ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ በሄሮድስ ሰይፍ መሞቱ በሐዋርያት ሥራ 12፥2 ተጽፏል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ሚያዝያ 17 ቀን ታስበዋለች። የስፔን ምእመናን ዐፅሙ በምዕራብ ዳርቻቸው በሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ከተማ ዐርፏል ብለው ያምናሉ፤ መቃብሩ ተገኘ የሚባለውም በ9ኛው መቶ ዓመት ነው። አርመኖች በበኩላቸው ራሱ በኢየሩሳሌም፣ በስሙ በተሠራው ካቴድራላቸው ውስጥ እንዳለ ይናገራሉ። ይህን ክርክር እኛ አንፈርድበትም፤ ለዛሬው ትምህርታችን የሚያስፈልገን መንገዱ ነው።

መንገዱ ከፈረንሳይ ጠረፍ ተነሥቶ በሰሜን ስፔን ወደ ምዕራብ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። እግረኛ የተሳላሚነት የምስክር ወረቀት ለማግኘት ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር ሲጠየቅ፣ ብስክሌተኛው ቢያንስ 200 ይጠየቃል። ሁለቱም በየቤተ ክርስቲያኑና በየማደሪያው ማኅተም የሚመታበት ደብተር ይይዛሉ። እንግዲህ መልሳቸው ይህ ነው፤ ብስክሌተኛውም ተሳላሚ ነው፣ ነገር ግን ድካም ስለቀለለለት ርቀት ይጨመርበታል። (በፈረስ የሚመጣው እንደ እግረኛ ተቆጥሮ 100 ኪሎ ሜትር የሚበቃው ለምን እንደሆነ ግን ለእኔ አልገባኝም። የሚደክመው ፈረሱ አይደለምን?)

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው የአልጋው ሥርዓት ነው። በብዙዎቹ የማዘጋጃ ቤትና የደብር ማደሪያዎች አልጋ አስቀድሞ የሚሰጠው ለእግረኛ ነው። ብስክሌተኛው በቀትር ቢደርስም እግረኞቹ እስኪገቡ ድረስ እስከ ምሽት ይጠብቃል፤ አልጋው ከሞላም ወደሚቀጥለው መንደር ይነዳል። ፈጥኖ የመጣው ኋለኛ ሆነ ማለት ነው። ወጣቶች ነንና ይህ ቢደርስብን መጀመሪያ ያናድደን ይሆናል። ነገር ግን እናስተውል፤ በደህና ሜዳ ላይ ለብስክሌተኛው 20 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙ አይበልጥም፤ እግሩ ለቆሰለው ሰው ግን የነገ ሙሉ ቀን ነው።

ጸጥታው የሚገኘው ከቡርጎስ ከተማ ወጥቶ ወደ ሊዮን ሲነዱ ነው። ይህ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው አገር ሜሴታ የሚባለው የከፍተኛ ሜዳ ክፍል ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ስንዴና ገብስ፣ ከዚያም ሰማይ፤ ሌላ የለም። ዛፍ ብርቅ ነው። በሐምሌ ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ግን ይቀዘቅዛል። ካሪዮን ደ ሎስ ኮንዴስ ከምትባል ከተማ በኋላ ጥንት ሮማውያን በቀየሱት መንገድ ላይ 17 ኪሎ ሜትር ያህል አንድም መንደር የለም። ሜዳ ነውና ይቀልለኛል ብሎ የተነሣ ብስክሌተኛ ነፋስ ከፊት ሲመጣበት ይጸጸታል፤ ዳገት ጫፍ አለው፣ ነፋስ ግን የለውም። ስለዚህ የሚያውቁት ጎሕ ሲቀድ ይነሣሉ፤ ውኃቸውን ሞልተው፣ ትርፍ ካላማዳሪ፣ መለጠፊያና መንፊያ ይዘው። በመንደር ምንጭ ላይ «አጉዋ ኖ ፖታብሌ» የሚል ጽሑፍ ካለ ውኃው አይጠጣም ማለት ነው። ከቀትር በኋላ ሱቆች ለዕረፍት ስለሚዘጉ ዳቦውን በጠዋት ያልገዛ ይራባል።

በዚሁ ሜዳ፣ ከካሪዮን አስቀድሞ፣ ወደ ካስትሮኼሪዝ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር፣ መንገዱ በአንድ የፈረሰ ገዳም ቅስት ሥር ያልፋል። ገዳሙ በማን ስም የተሠራ ይመስላችኋል? በመነኮሳት አባት በአባ እንጦንስ ነው! በስማቸው የተጠሩ የምዕራብ ገዳማውያን በ12ኛው መቶ ዓመት እዚህ ሆስፒታል መሥርተው «የቅዱስ እንጦንስ እሳት» የተባለ በሽታ የያዛቸውን ያስታምሙ ነበር። በሽታው እጅና እግርን እያቃጠለ፣ እያጠቆረም እስከ መቁረጥ የሚያደርስ ሲሆን፣ ምክንያቱ በእህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ መሆኑ ኋላ ታውቋል። ከቅስቱ ሥር በግድግዳው ውስጥ መስኮት የሚመስሉ ሁለት የድንጋይ ማስቀመጫዎች አሉ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ለሚደርስ መንገደኛ መነኮሳቱ ምግብ ያኖሩበት እንደነበር ይነገራል። አኗሪው ተቀባዩን አያየውም፤ ለምን ዘገየህ ብሎም አይጠይቀውም። ዛሬም በበጋ ወራት በፍርስራሹ ውስጥ ጥቂት አልጋ ያለው፣ የኤሌክትሪክ መብራት የሌለው ማደሪያ ይከፈታል። ብስክሌተኛ ይህን ቅስት በአምስት ሴኮንድ ሊያልፈው ይችላል። አስቀድሞ ያልተማረ ሰው ማስቀመጫዎቹን ሳያያቸው ይሄዳል፤ እኛም ከጉዞ በፊት ስለምንሄድበት ገዳም ጥናት ይደረግ የምንለው ስለዚሁ ነው።

የመንደሮቹ ጸጥታ ግን ሁሉ የጸሎት ጸጥታ አይደለም። ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትራክተር የሰውን ሥራ ሲወስድና ፋብሪካ ሲስፋፋ፣ ወጣቱ ወደ ማድሪድ፣ ወደ ባርሴሎናና ወደ ሌላውም ከተማ ነጎደ። በየመንደሩ የቀሩት አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው። አንድ ቄስ ብዙ መንደር ያገለግላል። በደወሉ ግንብ ላይ ሽመላ ጎጆዋን ሠርታለች፤ ዳቦም በመኪና ይመጣና ጥሩንባው ሲሰማ ጥቂት ሰዎች ይወጣሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ተቆልፎ፣ ቁልፉ በጎረቤት ቤት ይቀመጣል። ከገጠር መጥተን በከተማ የምንማር ብዙዎች ነን፤ የተጠመቅንበትን አጥቢያ ቁልፍ ዛሬ ማን እንደያዘው የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

መንገዱም ራሱ ሊረሳ ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተራራ ላይ ያለችው የኦ ሴብሬይሮ ደብር ቄስ ኤልያስ ቫሊኛ ቢጫ ቀለም ይዘው በድንጋዩም በግንቡም ላይ ቀስት እየሳሉ አቅጣጫውን አመለከቱ። በ1989 ዐረፉ። ቢጫው ቀስት ግን እስከ ዛሬ እግረኛውንም ብስክሌተኛውንም ይመራል።

ቀስቱን ተከትሎ የመጣው ብስክሌተኛ ብስክሌቱን በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አስደግፎ ቁልፉን ይጠይቃል። እንዲህ ባለው መንደር ብዙ ጊዜ የሚመጡት አንዲት እናት ናቸው። ቀስ ብለው ይከፍቱለታል፣ ማኅተም ካለ በደብተሩ ላይ ይመቱለታል፣ እስኪሳለምም ቆመው ይጠብቁታል፤ ከዚያ ቆልፈው ይመለሳሉ። ማንም ሳይመጣ የሚመሽበት ቀን አለ፤ ቁልፉ ግን ከቤታቸው አይወጣም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።