ከቤት የወጣ ዕቃ የት ይሂድ?

መስከረም ሲጠባ ቤት ይጸዳል። ክረምት ያረጠበው ልብስ ፀሐይ ይመታዋል፤ የተሰነጠቀው ግድግዳ ይመረጋል፤ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል። በኮኪትና በመተማ ቆላ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ሰሊጡ ሊታጨድ ነው፤ ማሽላውም ይከተላል። ምርቱ ከመግባቱ በፊት ቦታ ሊለቀቅለት ይገባል።

እስቲ ቤታችንን እንመልከት። አልጋ ሥር፣ ጓዳ ውስጥ፣ ማገሩ ላይ ምን አለ? የተቀዳደደ ማዳበሪያ፣ እጀታው የወለቀ ዶማ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ ፌስታል፣ አሮጌ ጎማ፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ ባዶ የፀረ አረም ጠርሙስ አለ። ብዙዎቹ “አንድ ቀን ያገለግላል” ተብለው የተቀመጡ ናቸው። ያ ቀን ሳይመጣ ግን ዓመት አልፏል።

እንዲህ ያለ ክምር ጉዳት አለው። አይጥ ይራባበታል። አይጥ ካለ እባብ ተከትሎ ይመጣል። ጊንጥ ይሸሸግበታል። ጎማውና የተሰበረው እንስራ የዝናብ ውኃ ሲያቁሩ ትንኝ ይፈለፈልባቸዋል። በመተማና በሁመራ ቆላ ብዙ ሰው የጎዳውን ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም ቀን ቀን ጨለማ ባለበት ስንጥቅ ውስጥ ትውላለች። ስለዚህ ስንጥቁ ይደፈን፤ ክምሩም ይነሣ።

ይነሣና የት ይጣል? ብዙ ጊዜ ወደ ፈፋው እንወረውረዋለን። “ወጣ፤ ተገላገልን” እንላለን። ነገር ግን አልተገላገልንም። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል። ከወንዙ ከብቱ ይጠጣል፤ ልጆች ይታጠባሉ፤ ሴቶች ይቀዳሉ። በጓሮ የወጣው በእንስራ ተመልሶ ቤት ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃው ከመውጣቱ በፊት በአራት ይከፈል።

1ኛ. የሚጠገንና ለሌላ የሚሆን

ዶማው እጀታ ይግባለት። የማይጠገን ብረት ለቀጥቃጭ ይሰጥ፤ ማጭድ ይወጣዋል። ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ይሠራል። እህል ብቻ የያዘ ማዳበሪያ ተሰፍቶ እንደገና እህል ይይዛል። ለእኛ የማይጠቅመን ለጎረቤት ይጠቅም ይሆናል፤ ሳንጥለው እንጠይቅ።

2ኛ. የሚበሰብስ

የማሽላ ገለባ፣ ቅጠል፣ እበት፣ አመድ፣ የምግብ ትራፊና የተሰበረ ቅል ይበሰብሳሉ። ከቤት ራቅ ባለ ጥላ ሥር ጉድጓድ ቆፍረን፣ እያፈራረቅን ከምረን፣ አልፎ አልፎ ውኃ አርከፍክፈን አፈር ብናለብሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ጥሩ የጓሮ ማዳበሪያ ይሆናል።

3ኛ. የማይበሰብስ

ፌስታል መሬት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ላም ከበላችው አይፈጭላትም፤ ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል። ሣር እያለ ትከሳለች፤ ልትሞትም ትችላለች። ምድጃ ላይ ብናነደው ደግሞ ጭሱ እናትንና ሕፃንን ይጎዳል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ገበያ ስንወርድ ዘንቢል እንያዝ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ እሳት ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል፤ ውስጡም ውኃን የሚበክል ነገር አለ። ስለዚህ በደረቅ ጣሳ ይሰብሰብ። ሌላው የማይበሰብስ ነገር ከውኃ ርቆ፣ ሰፈሩ በተስማማበት አንድ ቦታ ይከማች።

4ኛ. መርዝ የነካው

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። በቆላው ሰሊጡን፣ ጥጡንና ማሽላውን ለማዳን ፀረ ተባይና ፀረ አረም ይረጫል። በንግግር “መድኃኒት” እንለዋለን። ስሙ አያታልላችሁ፤ መርዝ ነው።

“ጀሪካኑ ገና ደኅና ነው። በሳሙናና በአመድ አጥቤ ውኃ ብቀዳበት ምን አለበት?” የሚል ሰው ይኖራል። ጀሪካን ገንዘብ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን እንዲህ ነው፤ ፕላስቲክ መርዙን ወደ ውስጡ ይመጠዋል። ሽታው ቢጠፋም መርዙ ቀስ በቀስ ወደ ውኃው፣ ወደ ዘይቱ፣ ወደ ጠላው ይወጣል። መርዝ የነካው ማዳበሪያም እህል አይያዝበት። ለጀሪካን የዳነው ብር ለሕክምና ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም፤ ልጅ ከሞተ ደግሞ የሚተካው የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መርዙ እርሻ ላይ ተረጭቶ እንዳለቀ፣ ጓንት አድርጋችሁ የመያዣውን ሩብ ያህል ውኃ ጨምሩ። ክደኑና አናውጡት። እጣቢውን መርጫው ውስጥ ገልብጣችሁ እዚያው እርሻ ላይ እርጩት። ይህን 3 ጊዜ አድርጉ። ወንዝ ዳር ግን በፍጹም አትጠቡ። ከዚያም ማንም እንዳይቀዳበት መያዣውን ብሱት። ልጅና ከብት የማይደርስበት ቦታ፣ ከቤት ውጭ አስቀምጡና ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አስታውቁ። አታቃጥሉት፤ አትቅበሩት።

ያረጀ መርዝ ሳይረጭ ቀርቶ ከሆነስ? አትክፈቱት፤ ወደ ሌላ ጠርሙስም አትገልብጡት። ለባለሙያው ንገሩ። አገራችንም ይህን ችግር አይታዋለች። ለአንበጣና ለሌላ ተባይ ተገዝቶ ጊዜው ያለፈበት መርዝ በየመጋዘኑ ለብዙ ዓመታት ተከማችቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት 1,500 ቶን ያህሉ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እርዳታ ተሰብስቦ፣ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተወስዶ፣ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ትልቅ ምድጃ ተቃጠለ። ይህን ያህል መንገድ የተሄደው ተራ እሳት መርዝን በደንብ ስለማያጠፋው ነው። የእኛ ጉልቻ እንዴት ያጠፋዋል?

ሰው መርዝ ከጠጣ ወይም ከፈሰሰበት ምራቁና ላቡ ይበዛል፤ ያስመልሰዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። የተበከለውን ልብስ አውልቁ፤ ገላውን በውኃና በሳሙና እጠቡ። በግድ አታስመልሱት። ወተት መጋትም መርዙን አያረክስም። ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የመርዙንም ስም አንብባችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

አዎ፣ አንብባችሁ! አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። በመርዝ መያዣ ላይ የራስ ቅል ሥዕል ካያችሁ ወይም ከሥሩ ቀይ መስመር ካለበት እጅግ ኃይለኛ መርዝ ነው። ጽሑፍ የሌለው፣ ምንነቱ የማይታወቅ ጠርሙስ ቤታችሁ ካለ ደግሞ ከሰል አንሡና በካርቶን ላይ “መርዝ” ብላችሁ ጽፋችሁ እሰሩበት። ሦስት ፊደል ናት። ልጃችሁ ትምህርት ቤት ከሄደ ያነባታል፤ ጎረቤትም ያነባታል። የተማራችሁት ፊደል በዚህች ቀን ብቻ እንኳ ነፍስ ሊያድን ይችላል።

ይህን ሥራ አንድ ቤት ብቻውን ቢሠራው በቂ አይደለም። የላይኛው ሰፈር የጣለውን የታችኛው ሰፈር ይጠጣዋልና። እንደ አጨዳው ሁሉ ለዚህም ደቦ እንውጣ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ጥያቄዎች

1. ወደ ፈፋ የተጣለ ዕቃ እንዴት ተመልሶ ቤት ይገባል?
2. መርዝ የያዘ ጀሪካን ቢታጠብም ውኃ የማይቀዳበት ለምንድን ነው?
3. ዛሬ ማታ ቤታችሁን ተመልከቱ። ያገኛችሁትን ዕቃ በአራት ከፍላችሁ በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።
4. “መርዝ” የሚለውን ቃል 5 ጊዜ ጻፉ። ከዚያም ቤታችሁ ውስጥ የት መጻፍ እንዳለበት ተነጋገሩ።