ስለ ኩርፊያ፤ የሁለት ልብ መራራቅና መቀራረብ

ሰው ብቻውን ይኖር ዘንድ አልተፈጠረም። ኦሪት ዘፍጥረት በ2ኛው ምዕራፍ የሔዋንን መፈጠር ሲተርክ አስቀድሞ የሚያነሣው የአዳምን ብቸኝነት ነው። አዳም በገነት ሳለ የጐደለው ምግብና መጠጥ አልነበረም፤ እንስሳትና አራዊትም በፊቱ እያለፉ ስም ያወጣላቸው ነበር። ዳሩ ግን ከእነርሱ መካከል ቃሉን ሰምቶ ቃል የሚመልስለት፥ ልቡን አይቶ ልቡን የሚያሳየው ጓደኛ አላገኘም። ከዚህም የምንረዳው ትዳር ከተሰጠባቸው ምክንያቶች አንዱ ብቸኝነትን ማራቅ መሆኑን ነው። እንግዲህ ባልና ሚስት በአንድ ጣራ ሥር እያደሩ፥ ከአንድ መሶብ እየቈረሱ ሁለቱም ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነ የትዳሩ መሠረት ተናግቷል ማለት ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ በአንድነት ውስጥ ያለ ብቸኝነት፥ ይልቁንም በቋንቋችን ኩርፊያ የምንለውን የቤት ውስጥ ደዌ ነው።

በመጀመሪያ ዝምታ ሁሉ ኩርፊያ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። ክፉ ቃል ከአፉ እንዳይወጣ ምላሱን የሚገታ ሰው ታጋሽ ነው እንጂ አኵራፊ አይደለም፤ አበው «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ስለዚህ ነው። ደክሞት ወይም ኀዘን ከብዶት ዝም ያለም አኵራፊ አይባልም። ኩርፊያ ግን ሌላውን ለመቅጣት ወይም ከሌላው ለመሸሽ ሲባል ፊትን ማዞር፥ ሰላምታን መንፈግ፥ «ምን ሆነሃል?» ለሚል ጥያቄ «ምንም» ብሎ መመለስ ነው። ቍጣ ጩኸት ስላለው ጐረቤት ይሰማዋል፤ ሽማግሌም ይደርስበታል። ኩርፊያ ግን ድምፅ ስለሌለው ቤቱን ከውስጥ እንደ ምስጥ ሲበላ ማንም አያየውም፤ የሚታወቀው ምሰሶው ሲወድቅ ነው።

የማንንም ምስጢር ሳንገልጥ በአገልግሎታችን ብዙ ጊዜ የምንሰማውን እንናገር። ባል ይመጣና «ደመወዜን አስረክባለሁ፤ አልጠጣም፤ ሌላ ሴት አላውቅም፤ ታዲያ ምን አጐደልሁባት?» ይላል። ሚስትም በበኩሏ «አብሬው እየኖርሁ ብቻዬን ነኝ» ትላለች። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። እርሱ የሚቈጥረው የሠራውን ነው፤ እርሷ የምትፈልገው ልቡን ነው። እንዲህ ያለውንም ነገር አንዱን ጥፋተኛ፥ ሌላውን ተበዳይ በማድረግ ብቻ መጨረስ አይቻልም።

ነገሩ በዘመናችን የከበደበት ምክንያት አለ። በቀድሞው ዘመን ትዳርን የሚይዙት ገመዶች ብዙዎች ነበሩ። ወላጆች ይተጫጩላቸዋል፤ ዋስ ይቆማል፤ እርሻውና ከብቱ በአንድነት ያሠራቸዋል፤ ቢጣሉም ዘመድ በዙሪያቸው አለ። ከዚያ ሥርዓት ውስጥ ዛሬ የምንነቅፈው ነገር እንዳለ አይካድም፤ ይኸውም ብዙዎች ልጃገረዶች ሳይጠየቁ መዳራቸው ነው። ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጹ ስለ ጋብቻ ሲደነግግ የሁለቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ያለ ሁለቱ ሙሉ ፈቃድና ያለ 18 ዓመት ዕድሜ ጋብቻ እንዳይጸና አድርጓል። ዛሬ በከተማ ወጣቶች በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ ተዋውቀው ራሳቸው ይመራረጣሉ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ ገመድ ይይዘው የነበረውን ሸክም አሁን አንድ ገመድ ብቻ፥ ማለት የሁለቱ የልብ ፍቅር፥ ሊይዘው ሆነ። ስለዚህ ያንን ገመድ መጠበቅን መማር ግድ ነው።

ስለዚህ የልብ ገመድ በዘመናችን የተመራመሩ የሥነ ልቡና ሊቃውንት አሉ። ከእነርሱ አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦልቢ (1907–1990 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ነው። እርሱም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከወላጆቻቸው ስለ ተለዩ ሕፃናት አጥንቶ፥ በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጽሑፍ ሕፃን የእናትን ፍቅር የሚሻው እንደ ምግብ መሆኑን አስረዳ። ሜሪ አይንስወርዝ የተባለችው ባልደረባውም በ1954ና በ1955 በምሥራቅ አፍሪካ፥ በኡጋንዳ ካምፓላ አጠገብ ባሉ መንደሮች፥ 26 እናቶችን ከነልጆቻቸው እየጐበኘች አጠናች፤ ውጤቱንም በ1967 በመጽሐፍ አሳተመች። በኋላም በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ እናት ለጥቂት ጊዜ ወጥታ ስትመለስ ሕፃኑ እንዴት እንደሚቀበላት ተመለከተች። አንዱ ሕፃን ያለቅስና እናቱ ስታቅፈው ጸጥ ይላል፤ ልቡ አምኗታልና። ሁለተኛው ብታቅፈውም አጥብቆ ይዟት እየተቈጣ ማልቀሱን አይተውም፤ ተመልሳ እንዳትሄድ ይሠጋልና። ሦስተኛው ስትመለስ ፊቱን ያዞራል፤ ግድ የሌለው ይመስላል።

በ1987 ደግሞ ሲንዲ ሃዛንና ፊሊፕ ሼቨር የተባሉ ተመራማሪዎች በዴንቨር ከተማ ጋዜጣ ላይ ጥያቄ አውጥተው አዋቂዎችን ስለ ፍቅራቸው ጠየቁ። ከመለሱትም ከመቶ 56ቱ እንደ መጀመሪያው ሕፃን የሚታመኑና የሚያምኑ፥ 25ቱ መቀራረብን የሚሸሹ፥ 19ኙ እንዳይተዉ ሁልጊዜ የሚሠጉ ሆነው ተገኙ። ይህ አሐዝ የዚያ አገር ሰዎች መልስ እንጂ የእኛ አገር ቈጠራ አይደለም፤ ነገር ግን ትምህርቱ ለሁሉ ይጠቅማል። ሰው ቢያድግም፥ ቢማርም፥ ቢሾምም በውስጡ «ብጠራህ ትሰማኛለህን?» የሚል ሕፃን አለ።

አሁን ከሚሠጉት አንዷ ከሚሸሹት አንዱን አግብታለች እንበል። እርሷ ርቀት ሲሰማት ትጠይቃለች፤ መልስ ስታጣ ትወቅሳለች። እርሱ ወቀሳ ሲሰማ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ብሎ ዝም ይላል፤ ወይም ወጥቶ ያመሻል። ዝምታው ሥጋቷን ያበዛዋል፤ ስለዚህ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ ድምፅዋ ከፍ ሲል ሽሽቱ ይበረታል። በሌላም ቤት የሚያሳድደው ባል፥ የምትሸሸውም ሚስት ትሆናለች። እርሷ «አይወደኝም» ትላለች፤ እርሱ «ምንም ባደርግ አላስደስታትም» ይላል። ሁለቱም በውስጣቸው ፈርተዋል፤ ፍርሃታቸው ግን የአንዱ ቍጣ፥ የሌላው ኩርፊያ ሆኖ ስለሚወጣ አይተዋወቅም። በካናዳ የባለትዳሮችን ሕክምና ያስፋፋችው ሱ ጆንሰን (1947–2024) ዋና ትምህርቷ ይህ ነበር፤ ጠላቱ ባልም ሚስትም አይደሉም፤ ጠላቱ ሁለቱን የሚያሽከረክረው ይህ ዙሪያ ነው።

አሜሪካዊው ጆን ጐትማንም ባልና ሚስት ሲከራከሩ የልብ ትርታቸውን ጭምር እየለካ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ትዳርን የሚያፈርሱ ብሎ የቈጠራቸው አራት ናቸው። እነርሱም ጠባይን የሚነካ ወቀሳ፥ ንቀት፥ ራስን ብቻ መከላከልና እንደ ግንብ ዝም ማለት ናቸው። ከአራቱ የከፋው ንቀት ነው። ዝም የሚለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የደነደነ መስሎ ሲታይ በውስጡ ልቡ እጅግ እየመታ መሆኑን ጥናቱ አሳይቷል። ስለዚህ አኵራፊውን «ልበ ድንጋይ» ከማለታችን በፊት፥ ድንጋይ የመሰለው ምናልባት የተጨነቀ ሰው እንደ ሆነ እናስብ።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሕዝብ ነን። ምስጢርን በሰም መሸፈን በቅኔ ማኅሌት ያስመሰግናል፤ ሰሚውም ወርቁን ፈልጎ በማግኘቱ ይደሰታል። ይህ ልማድ ወደ ቤት ሲገባ ግን ሚስት የልቧን በአሽሙር ትናገራለች፥ ባልም «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይውጠዋል፤ ሁለቱም ያልተነገረውን ሌላው እንዲያውቅላቸው ይጠብቃሉ። በትዳር ውስጥ ወርቁን በግልጥ መናገር ይሻላል። ከዚህም ሌላ ተንቀሳቃሽ ስልክ ለኩርፊያ አዲስ መንገድ ከፍቶለታል። መልእክቱ እንደ ተነበበ እየታየ መልስ የሚከለከልበት ሰው ፊት እንደ ዞረበት ይቈጥረዋል። ይልቁንም አንዱ ለእንጀራ ፍለጋ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፥ ወደ ኤምሬትስ ወይም ወደ ሊባኖስ ሄዶ ሌላው በአገር ቤት በቀረበት ትዳር፥ ድምፅ ብቻ ስለሆነ የሚያገናኛቸው፥ ያ ድምፅ ሲቋረጥ ሁሉ የተቋረጠ ይመስላል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድር ነው? እንደሚከተለው በአጭሩ እንገልጻለን።

1ኛ፤ ስሜቱን እንጂ ሰውየውን አለመክሰስ። «አንተ መቼም ስለ እኛ አታስብም» ማለት ጠባይን መክሰስ ነው፤ መልሱም ጠብ ወይም ኩርፊያ ነው። «ስታመሽ ፈራሁ፤ ሁለተኛ ስታመሽ ደውልልኝ» ማለት ግን ልብን ማሳየት ነው።

2ኛ፤ ዕረፍት መውሰድ፥ ቀጠሮም መስጠት። ደም ሲፈላ ምክር አይገባም፤ ተመራማሪዎቹም ቢያንስ 20 ደቂቃ ያህል እንዲያርፉ ይመክራሉ። ነገር ግን ሳይናገሩ መሄድ ኩርፊያ ይሆናልና፥ «አሁን ብናገር ክፉ ቃል ይወጣኛል፤ ከራት በኋላ እንነጋገራለን» ብሎ መለየትና በተባለው ሰዓት መመለስ ይገባል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት 4ኛ ምዕራፍ ቍጣን ከፀሐይ መግባት በፊት መጨረስን ማስተማሩ ለዕረፍቱ ወሰን ያበጅለታል፤ ዕረፍቱ የሰዓት እንጂ የሳምንት አይሁን።

3ኛ፤ ፍቅርን በቃል መናገር። ብዙዎች ወንዶች «ሥራዬ ይናገራል» ይላሉ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ግን የኤፌሶንን መልእክት በተረጐመበት በ20ኛው ስብከቱ፥ ባል ሚስቱን በማስፈራራት ሳይሆን በፍቅር እንዲይዛት፥ ከሁሉ አብልጦ እንደሚወዳትም በአንደበቱ እንዲነግራት ይመክራል። ጐትማንም ጸንተው በሚኖሩ ባለትዳሮች ክርክር ውስጥ እንኳ ለአንድ ክፉ ቃል ወይም ፊት አምስት ያህል መልካም እንደሚገኝ ጽፏል። ምስጋና፥ ፈገግታ፥ «ልክ ነሽ» ማለት ገንዘብ አያስወጣም።

4ኛ፤ ሦስተኛ ሰው መጥራት። ዙሪያው ለሁለቱ አልፈታ ሲል የንስሐ አባትን፥ አስተዋይ ሽማግሌን ወይም የሠለጠነ አማካሪን መጠየቅ ነውር አይደለም። ሽማግሌዎችም «ማን አጠፋ?» ከማለት አስቀድመው «ምን ፈራችሁ?» ብለው ቢጠይቁ ከካሣ የሚበልጥ ዕርቅ ያገኛሉ።

በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ መጨመር አለብን። ይህ ሁሉ የተነገረው በፍርሃትና በአለመግባባት ስለ ተራራቁ ሰዎች ነው። ድብደባና ዛቻ ባለበት ቤት የሚስት ዝምታ ኩርፊያ ሳይሆን ነፍስን ማዳን ነው፤ «ታገሺ» ብሎ ወደ በትር መመለስም ምክር አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት በወንጀል ያስጠይቃል። በዚያ ቤት አስቀድሞ የሚፈለገው የተጐዳው ሰው ደኅንነት ነው።

ለማጠቃለል ያህል፥ ኩርፊያ ከሁለቱ አልፎ ወደ ልጆች ይደርሳል። «አባትሽን እራት ቀርቧል በይው» ተብላ የምትላከው ሕፃን፥ በአንድ ክፍል በተቀመጡ ሁለት ሰዎች መካከል መልእክተኛ ሆና ስታድግ፥ ፍቅር ማለት እንዲህ ነው ብላ ትማራለች፤ በራሷም ትዳር ትደግመዋለች። ለመጋባት የሚያስቡ ወጣቶችም ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሠርግ ወጪ ከመነጋገራቸው ጋር፥ «ስትከፋ ምን ታደርጋለህ? ስትፈሪ እንዴት አውቅልሻለሁ?» ብለው ይጠያየቁ። በተክሊል ጊዜ በሁለቱ ራስ ላይ የሚደፋው አክሊል ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ በየማታው አንዱ ለሌላው የሚመልሰው ቃል ግን ይቀራል። ዛሬ ማታ በመሶቡ ዙሪያ ዝም ተባብለው የሚቀመጡ ካሉ፥ ከሁለቱ አስቀድሞ «እንደምን ዋልህ፤ እንደምን ዋልሽ» የሚለው እንደ ተሸነፈ አይቈጠር፤ ቤቱን ያቆመ እርሱ ነውና።